አባቴና መንታ ወንድሙ የተፈተኑበት ጥቅምት

አባቴ መንታ ነው። ወንድሙ በደሴ መንገድ ላይ ባለችው ካራቆሬ ባጃጅ የሚጠግኑበት ጋራዥ አላቸው፤ አባቴ ደግሞ ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ ቀወት ውስጥ ማሾና ማሽላ ያርሳል። አጎቴ አባቴን የሚበልጡት አንድ ሰዓት በማትሞላ ጊዜ ነው። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አባቴን አንተ፣ አጎቴን አንቱ እላለሁ። አባቴን ይህ ነገር ያበሽቀዋል። እሱ አባት ሆኖ አንተ ሲባል፣ ያኛው አንድ ሰዓት ቀድሞ በመውጣቱ አንቱ መባሉ ምን ዓይነት ፍርድ እንደሆነ በየዓመቱ ይጠይቀኛል።

ቤተሰባችን ውስጥ ሁሉም የሚያምነው አንድ ነገር ነበር፤ ሁለቱ ወንድማማቾች ተራርቀውም ይሰማማሉ የሚል። አባቴን ማሳ ውስጥ ጊንጥ የነደፈው ቀን አጎቴ ካራቆሬ ሆነው እግራቸውን ሲያሹ ዋሉ ይባላል። አጎቴን ወባ ሲጥላቸው አባቴ እዚህ ምግብ ይዘጋዋል ይባላል። አይቶ የመሰከረ ሰው አላገኘሁም፤ የተጠራጠረም አላገኘሁም። እኔም ብሆን ፊዚክስ ተምሬ፣ ሸዋ ሮቢት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ እንኳ፣ ይህን ወሬ ከማስተምረው ነገር ጋር አገናኝቼው አላውቅም።

ያገናኘው አባቴ ራሱ ነው።

ማስተርሴን የተማርኩት በክረምት ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሚኒባስ ይዤ ደጋ እወጣለሁ። ጣርማ በር ዋሻው ጋ ስንደርስ ሹራቤን እለብሳለሁ፤ ጳጉሜን ላይ ስመለስ እዚያው አወልቀዋለሁ። ሁለተኛው ክረምት ላይ አማካሪዬ ለመመረቂያ ጽሑፌ የመረጡልኝ ርዕስ ስለ ሁለት ቅንጣቶች ነበር። ከአንድ ምንጭ አብረው የሚወጡ ሁለት የብርሃን ቅንጣቶች አሉ። አንዷን እዚህ፣ ሌላዋን ሩቅ ቦታ ወስደን ስንለካቸው ውጤታቸው ይገጣጠማል። መገጣጠሙ ብቻውን አያስደንቅም፤ ከመለያየታቸው በፊት «እንዲህ ብንጠየቅ እንዲህ እንመልሳለን» ብለው እንደተመካከሩ አድርገን ልናስበው እንችላለን። የሚያስደንቀው ሌላ ነው። ምክር ብቻውን ሊያደርስ የሚችልበት ጣሪያ አለ። ቅንጣቶቹ ያን ጣሪያ ያልፉታል። ጽሑፌ ይህን ማለፋቸውን ስለሚለካው ፈተና ነበር።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወላጆቼን ማሾ ለቀማ አግዝ ነበር። ጎንበስ ብለን የደረሰውን ጥቁር ጥቁሩን የማሾ ቆባ ስንለቅም አባቴ ደጋ ወጥቼ የምማረው ነገር ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። እንደዚህ ከላይ እንደጻፍኩት አድርጌ ነገርኩት። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝና ቀና አለ።

«ታዲያ ይኼ እኔና ወንድሜ አይደለን?»

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ሲያየኝ ደነገጥኩና ሳቄን ዋጥ አደረግሁት።

«ካላመንሽ ፈትኚን» አለኝና ወደ ለቀማው ተመለሰ።

መጀመሪያ ለማስደሰት ብዬ ነበር እሺ ያልኩት። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ፈተናውን ለሰው የሚሆን ጨዋታ አድርጎ ማዘጋጀት እንደማያስቸግር ገባኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄጄ እንዲህ ብዬ አስረዳሁት። ሁለታችሁ ተለያይታችሁ ትቀመጣላችሁ። እያንዳንዳችሁ አጠገብ አንድ ሰው የአንድ ብር ሳንቲም ይወረውራል። የአንበሳው ራስ ከወጣ ጎፈር፣ ሚዛኑ ከወጣ ዘውድ ነው። የራሳችሁን ሳንቲም ብቻ ታውቃላችሁ፤ የወንድማችሁን አታውቁም። ከዚያ ፊታችሁ ካሉት ሁለት ጣሳዎች ከአንዱ ወይ ማሾ ወይ ማሽላ ታወጣላችሁ። በሁለታችሁም ዘንድ ጎፈር ከወጣ እህላችሁ መለያየት አለበት፤ አንዱ ማሾ፣ ሌላው ማሽላ። በሌላው ጊዜ ሁሉ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ከመለያየታችሁ በፊት የፈለጋችሁትን ተመካከሩ። ከተለያያችሁ በኋላ ግን ቃልም፣ ምልክትም፣ ስልክም የለም።

አባቴ ትንሽ አሰበና ሁልጊዜ ማሾ ብናወጣስ አለኝ። ከአራት ሦስቱን ታሸንፋላችሁ፣ የምትሸነፉት ሁለታችሁም ጋ ጎፈር ሲወጣ ብቻ ነው አልኩት። የተሻለ መላ እንደሌለ ጠየቀኝ። ፈልግ አልኩት።

አባቴ ትምህርት የሚባለው ነገር ሦስተኛ ክፍል ላይ ያበቃ ሰው ነው። ረቡዕ ዕለት እረፍት ሰዓት ላይ ደወለልኝና ክፍል ከሌለኝ እንድመጣ ነገረኝ። ደንግጬ ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። ከበረንዳው ሰፌድ ፊቱ አድርጎ ተቀምጧል፤ ሰፌዱ ላይ አራት ቦታ ፍሬዎች ተደርድረዋል። ሁለቱ ቦታ የእሱ ዘውድና የእሱ ጎፈር፣ ሁለቱ የወንድሙ ዘውድና የወንድሙ ጎፈር ናቸው።

«እይ» አለኝ። «እኔ ዘውድ ሲወጣ ማሾ ላወጣ ተስማማሁ እንበል። እሱ ከኔ ዘውድ ጋር እንዲገጥም በዘውድም በጎፈርም ማሾ ማውጣት አለበት። እሱ በዘውድ ማሾ ካወጣ ደግሞ እኔ በጎፈር ማሾ ማውጣት ሊኖርብኝ ነው። ይኸው፤ ሁለታችንም በጎፈር ማሾ ላይ አረፍን። ጎፈርና ጎፈር ደግሞ መለያየት ነበረበት። በማሽላም ጀመርኩት፤ ያው ነው። በየት ብትዞሪ አንዱ ጋ ይበጠሳል።»

እኔ ይህን ነገር የተረዳሁት ደጋ ላይ፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ፣ በፊደልና በቁጥር ሁለት ሰዓት ሙሉ ከታገልኩ በኋላ ነው። የጽሑፌ ሁለተኛ ምዕራፍ መግቢያው ይኸው ነበር። አባቴ በማሾ ፍሬ ደርሶበት ተቀምጧል። ልክ ነህ አልኩት።

«ስለዚህ በምክር ከአራት ሦስት ነው» አለ። «ከዚያ ካለፈ ምክር አይደለም፤ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። የናንተዎቹ ስንት ያመጣሉ?»

ከመቶ ሰማንያ አምስት ገደማ፣ ከዚያ በላይ ግን እነሱም አይሄዱም አልኩት። እሱና ወንድሙ እንደሚበልጧቸው ነገረኝ።

አጎቴ በዚያው ሳምንት መጨረሻ ለቀማውን ሊያግዙ መጡ። ጉዳዩን ወንድማቸው በስልክ ነግሯቸው ስለነበር ሣጥን ሙሉ መፍቻ ትተው ፈተና ሊቀመጡ መምጣታቸውን እያወሩ ሳቁ። ሁለቱ ከቁርስ በኋላ ለብቻቸው ተመካከሩ። ከዚያ አባቴን ቤት ውስጥ ከእናቴ ጋር አስቀመጥኩት። እኔና አጎቴ ከጓሮ ያለው የቁርቁራ ዛፍ ሥር ምንጣፍ አንጥፈን ተቀመጥን። እናቴ ስምንተኛ ክፍል የደረሰች ናት፤ የእጅ ጽሕፈቷ ከኔ ይበልጣል። እሷ የአባቴን ሳንቲምና እህል፣ እኔ የአጎቴን እንጽፋለን። እኩል እንድንሄድም እናቴ ከውስጥ የዙሩን ቁጥር ጮክ ብላ ትጠራለች። መቶ ዙር ተጫወትን። አጎቴ ሳንቲማቸውን ካዩ በኋላ ዓይናቸውን ጨፈን፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ቆይተው ነበር እህሉን የሚያነሱት። ልቤ ትንሽ ተነካ።

ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርገን ስንቆጥር ዘጠና ሰባት አሸንፈዋል። ሦስቱን ብቻ ነው የሳቱት፤ ሦስቱም ላይ አባቴ ተዘናግቶ ከተስማሙበት ውጪ አውጥቶ ነበር። እናቴ እልል አለች። አባቴ ተነሥቶ ውዱእ አደረገና የቀትሩን የዙሁር ሰላት ከወትሮው አስረዝሞ ሰገደ። ሲወጣ ዓይኑ ቀላ ብሎ ነበር። በማግሥቱ ከመስጊድ የሚመለሰው ሰው ሁሉ ወሬውን ያውቀዋል።

እኔ ግን ሰኞ ዕለት ክፍል ውስጥ ቆሜ ስለ ፍጥነት ሳስተምር ሐሳቤ ዘጠና ሰባቱ ላይ ነበር። ሰባ ሰባት ቢያመጡ ዕድል ነው እል ነበር። ሰማንያ አራት ቢያመጡ ምን እንደምል አላውቅም፤ እንቅልፍም አልተኛም ነበር። ዘጠና ሰባት ግን ቅንጣቶቹም የማይደርሱበት ነው። ተፈጥሮ ራሷ ከሰማንያ አምስት አካባቢ ካላለፈች፣ አባቴና አጎቴ ከተፈጥሮ በልጠዋል ማለት ነው። ከዚህ ይልቅ የሆነ ቦታ ወሬ አፈትልኳል ብሎ ማሰብ ይቀላል።

ቅዳሜ ስመለስ እናቴን ብቻዋን ጠርቼ፣ ያን ቀን ያደረገችውን ሁሉ እንዳለ እንድትደግመው ለመንኳት። እሷ ቤት ውስጥ ከአባቴ ባዶ መቀመጫ ፊት ተቀመጠች፤ እኔ ቁርቁራው ሥር ሄድኩ። ትንሽ ቆይቶ ድምፅዋ መጣ።

«አንድ! ጎፈር!»

ከዚያ ደግሞ፤ «ሁለት! ዘውድ!»

አባቴ አንድ ጆሮው ይከብደዋል፤ ቅርብ ያለ ነገርም ዓይኑ አይለይለትም። ስለዚህ እናቴ ሳንቲሙን ራሷ እያየች ጮክ ብላ ትነግረው ነበር። እኔም ያን ቀን ከአጎቴ አጠገብ ተቀምጬ መቶውንም ሰምቻለሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እናቴ ለአባቴ ስትጮህ ሰምቼ ስላደግሁ ድምፅዋ ለኔ እንደ ነፋስ ነው፤ ልብ አልኩትም አልልም። አጎቴ ግን ልብ ብለውታል። አንገታቸውን ዘንበል ያደረጉት ለማዳመጥ ነበር።

እዚያው ቁርቁራው ሥር ሆኜ ደወልኩላቸው። ሰምተው እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ሰምቻለሁ» አሉኝ፣ ምንም ሳያቅማሙ። «አንቺ ፈታኝ፣ እኔ ተፈታኝ። ጆሮዎን ይድፈኑ አላልሽኝም።»

ምክራቸውም ቀላል ነበር። አባቴን «አንተ ሁልጊዜ ማሾ አውጣ፤ ሌላውን ለኔ ተወው» ብለውታል። የእናቴን «ጎፈር» ሰምተው የራሳቸውም ጎፈር ከሆነ ማሽላ ያነሳሉ፤ ካልሆነ ማሾ። አባቴ ግን «ለኔ ተወው» ያሉትን የመንታነት ነገር አድርጎ ነበር የተረዳው።

ለአባቴ መንገር ከበደኝ። ሦስት ቀን ዘገየሁ። በመጨረሻ ነገርኩት። አልተቆጣም። ወንድሙ በልጅነታቸውም ቢሆን በሳር ዕጣ ሲጣጣሉ ረዥሙን ሳር የሚያወጣ፣ ምንጊዜም መላ የማያጣ ልጅ እንደነበረ ነገረኝ። ከዚያ፣ አሁን እኔ ልሞክር አለ። «እኔ አይደለሁ የሚሰማኝ፤ እሱ ማሾውን ዝም ብሎ ያውጣ፤ የሱ ጎፈር መውጣት አለመውጣቱን እኔ አውቃለሁ። በምንም መንገድ ድምፅ በማይደርስበት ቦታ አድርገሽ ፈትኚን» አለኝ።

ለዚህ ከካራቆሬ የተሻለ ቦታ የለም። እሑድ ጧት ሚኒባስ ይዤ ሄድኩ። እናቴ ከአባቴ ጋር ቤት ቀረች፤ ልክ ከሰዓት በኋላ ከሚሰገደው የዐስር ሰላት በኋላ እንዲጀምሩ፣ ስልኳንም አጥፍታ ከእህል ጎታው ላይ እንድታስቀምጠው ተስማማን። ጋራዡ ውስጥ የአጎቴንና የኔን ስልክ አጥፍቼ መፍቻ ሣጥኑ ውስጥ ቆለፍኩት። ሦስት ባጃጆች ጎማቸው ወልቆ በድንጋይ ቆመዋል። አጎቴ ዘይት የነካ እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ከጣሳው ፊት ተቀመጡ።

ሥራቸው ሳንቲሙ ምንም ይውጣ ምን ማሾ ማውጣት ብቻ ነበር። ሃያኛው ዙር አካባቢ ሰለቻቸውና ወሬ ጀመሩ። ለምን ያን ቀን እንደዚያ እንዳደረጉ ጠየቅኋቸው። ማሾዋን በጣታቸው እያሽከረከሩ ቆዩ።

«ወንድሜ በጣም ነበር የፈለገው» አሉኝ። «ለሰው ሁሉ ወንድሜ ይሰማኛል ሲል ኖሯል። እኔ ወላሂ አንድ ቀን ምንም ተሰምቶኝ አያውቅም። የጊንጡ ቀን እግሬን ያመመኝ መፍቻ ወድቆብኝ ነው። ማን ጠየቀኝ? እነሱ ራሳቸው አገናኙት፤ ደስ ሲላቸው ሳይ ዝም አልኩ።»

መፍቻው የትኛው እንደነበረ ጭምር አሳዩኝ። አሁንም ይሠሩበታል።

ካራቆሬ አደርኩና በማግሥቱ ጧት፣ ትምህርት ቤት አስፈቅጄ፣ ወረቀቴን ይዤ አባቴ ቤት ደረስኩ። እናቴ የሷን አወጣች። ሦስታችን ሰፌዱን ከበን ዙር በዙር አስተያየነው። አባቴ ሳንቲሙ ዘውድ ሲሆን ማሾ አውጥቷል፤ እዚያ ሁሉ ቦታ አሸንፈዋል። ጎፈር የወጣበት ሃምሳ አንድ ጊዜ ነው። በእነዚህ ላይ ነበር ወንድሙ ጋ ምን እንደወጣ ሊሰማው የሞከረው። እናቴ እንደነገረችኝ በአንዳንዱ ዙር ላይ ላብ እስኪያጠምቀው ድረስ ዓይኑን ጨፍኖ ቆይቷል። ከሃምሳ አንዱ ሃያ አምስቱን አግኝቷል፤ ሃያ ስድስቱን ስቷል። በጠቅላላው ሰባ አራት ሆነ።

ምንም ሳይሞክር ሁልጊዜ ማሾ ቢያወጣም ያው እዚያው አካባቢ ነበር የሚሆነው። ይህን መናገር አላስፈለገኝም፤ ሰፌዱ ላይ ከኔ በፊት ያወቀው እሱ ነው። ፍሬዎቹን በመዳፉ ሰብስቦ ወደ ጣሳው መለሳቸው። ይቅርታ ልጠይቀው አስቤ ነበር፤ በምን ምክንያት እንደሆነ ግን አላውቅም።

«ያኔ» አለ በመጨረሻ፣ «መንገዱ ተዘግቶ፣ ስልኩም ጠፍቶ የካራቆሬ ወሬ የጠፋብን ጊዜ። ለእናትሽ ደህና ነው፣ ይሰማኛል እላት ነበር። ታስታውሻለሽ?»

አስታውሳለሁ። ቤቱ ሙሉ በሱ ቃል ነበር የተጽናናው። እኔም ራሴ ሸዋ ሮቢት ሰው ሲጠይቀኝ «አባቴ ደህና ናቸው ብሏል» እል ነበር።

«ምንም አይሰማኝም ነበር» አለ። «ጨለማ ነበር። ማሳ ውስጥ ብቻዬን ስሆን አለቅስ ነበር። አንድ ሰው ደህና ነው ማለት ነበረበትና እኔ አልኩ። ከዚያ እሱ ደህና ሆኖ ሲገኝ፣ አልሃምዱሊላህ፣ እውነትም ተሰምቶኝ ነበር ብዬ ለራሴ አመንኩ።»

እናቴ ወረቀቷን እያጠፈች ነበር። ቀና አላለችም።

«አውቅ ነበር» አለችው። «በዚያ ሰሞን ምሳህን ለውሻው ትሰጠው ነበር።»

አባቴ አያት። እሷም አየችው። ከዚያ አባቴ ሳቀ፤ ብዙ ጊዜ ያልሰማሁት ዓይነት፣ ትከሻው የሚነቀነቅበት ሳቅ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ሁለቱ በአንድ ቤት ውስጥ፣ አንዱ ያወቀ መስሎ፣ ሌላዋ ያላወቀች መስላ ተቀምጠዋል። ያን ጧት ሦስታችን ቁርስ በላን፤ አባቴ ሁለት ጊዜ አስጨመረ።

በዚያው ቀን ለወንድሙ ደወለና ሁሉንም ነገረው። አጎቴም የመፍቻውን ነገር ነገሩት። ከውጪ ሆኜ የምሰማው የአባቴን ወገን ብቻ ነበር፤ «የትኛው መፍቻ?» ሲል፣ ከዚያም ለረዥም ጊዜ ሲስቅ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ የንጋቱን ሱብሂ ሰግዶ እንደጨረሰ በየቀኑ ለወንድሙ ይደውላል። ቀድሞ በወር አንዴም አይደዋወሉም ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ይሰማኝ የለ ይል ነበር። አጎቴ እንቅልፍ አሳጣኝ ብለው ይከሱታል። አንድ ቀን ሳይደውል ቢቀር ግን ራሳቸው ደውለው ምን ሆንክ እንደሚሉት እናቴ ነግራኛለች።

ጽሑፌን በቀጣዩ ክረምት ጨረስኩ። በትምህርት ቤታችን ኮምፒዩተር፣ ኔትወርክ ሲኖር፣ ባሕር ማዶ ወዳለ የኳንተም ኮምፒዩተር ጥያቄዬን ልኬ ውጤቱን በኢንተርኔት እቀበል ነበር። የአባቴን ጨዋታ ያው ራሱን፣ በማሾና በማሽላ ፋንታ በዜሮና በአንድ፣ እዚያ ያሉት ሁለት ጥቃቅን ነገሮች ተጫወቱት። ያመጡት ከሰባ አምስት በላይ፣ ከሰማንያ አምስት በታች ነበር። ቁጥሩ መጀመሪያ የመጣ ዕለት የመምህራን ክፍል ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። አባቴ ሰፌዱ ላይ «በየት ብትዞሪ ይበጠሳል» ያለኝን ቦታ ሁለቱ ጥቃቅን ነገሮች ሲያልፉት በዓይኔ አየሁ። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ቁጥሩን ደጋግሜ አነበብኩት።

ጽሑፌን ለመከላከል ደጋ ስወጣ ከፈታኞቹ አንዱ የጠየቁኝ ጥያቄ ጠንካራ ነበር። ሁለቱ ነገሮችሽ አንድ ማሽን ውስጥ ጎን ለጎን ናቸው፤ እንደማይንሾካሾኩ በምን አወቅሽ አሉኝ። በዚህ ማሽን ላይ ይህን ማረጋገጥ እንደማልችል መለስኩ። ሌሎች ሰዎች ግን ቅንጣቶቹን በጣም አራርቀው፣ ብርሃን እንኳ ከአንዱ ወደ ሌላው ሊደርስ በማይችልበት ቅጽበት ጠይቀዋቸው ያው ውጤት እንደመጣ አስረዳሁ። ከዚያ ምን እንደገፋፋኝ አላውቅም፤ የእናቴን ድምፅና የአጎቴን አንገት ነገርኳቸው። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። አማካሪዬ በኋላ፣ ይህን ታሪክ ያለ ስም ሦስተኛው ምዕራፍ ውስጥ እንዳስገባው መከሩኝ። አስገባሁት።

የተመረቅሁ ሰሞን አባቴ በመስኖ የተከለውን ሽንኩርት ውሃ ለማጠጣት ተራው እስኪደርስ ቦዩ ዳር ተቀምጦ አገኘሁት። ጽሑፉን በጥቁር ልባስ አስጠርዤ አምጥቼለት ነበር። ገለጥ ገለጥ አድርጎ ሥዕሎቹን አየና መለሰልኝ።

«እነዚህ ቅንጣቶች አስቀድመው አልተመካከሩም» አለ።

አዎ፣ በምክር ብቻ እዚያ አይደረስም አልኩት።

«አይደዋወሉም።»

አይደዋወሉም አልኩት።

«ታዲያ እንዴት ነው የሚገጣጠሙት?»

እንዴት እንደሆነ እስካሁን ሰው ሁሉ የተስማማበት መልስ እንደሌለ፣ ስሌቱ ውጤቱን በትክክል ቢናገርም ከጀርባው ያለው ምን እንደሆነ ትልልቆቹ ሊቃውንት ጭምር እንደሚከራከሩበት ነገርኩት።

«ይህን ሳታውቂ ነው ያስመረቁሽ?» አለኝ።

አዎ አልኩት። ነገሩ ደስ አለው። እንግዲያው ገና ብዙ ሥራ አለሽ ማለት ነው አለና፣ ከላይ ያለው ጎረቤት ውሃውን እንደለቀቀ ሲጮህለት ዶማውን ይዞ ተነሣ። እኔም ጫማዬን አውልቄ፣ ሱሪዬን ሰብስቤ፣ ቦዩን ልከፍትለት ተከተልኩት።